ሶፍትዌራችን በማን ሥራ ላይ እንደቆመ እንወቅ
የደባርቅና የዳባት ጤና ጣቢያዎች ወርሃዊ ሪፖርታቸውን የሚልኩት በዲኤችአይኤስ 2 ነው። ይህ ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የተነሳ ሶፍትዌር ሌሎች በጻፏቸው በርካታ የጃቫ ላይብረሪዎች ላይ ቆሟል። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ሎግፎርጄ በተባለው ላይብረሪ አደገኛ ክፍተት መገኘቱ ሲሰማ የዓለም ፕሮግራመር ሁሉ «እኛስ ጋ አለ?» እያለ ተራወጠ። የመጀመሪያው ማስተካከያ 2.15 አልበቃ ብሎ በዚያው ወር 2.16 እና 2.17 ተከተሉ። ችግሩን ያከበደው፣ ብዙዎች ላይብረሪውን ራሳቸው አለማስገባታቸው ነው፤ በሌላ ላይብረሪ ታዝሎ ነው የገባባቸው። ስለዚህ ኮዳችን በብዙ የጊት ማከማቻዎች ሲበታተን በእጅ መቁጠር አያዋጣም። ተርሚናል ላይ የተጻፈ አጭር ሉፕ በየማከማቻው ገብቶ ላይብረሪዎቹን ከነቨርዥናቸው የሚመዘግበው ሎክ ፋይል ካለ ያነባል፤ የእያንዳንዱን ላይብረሪ ስምና የቨርዥን ቁጥር በአንድ የጽሑፍ ፋይል ይደረድራል። ፋይሉም ጊት ውስጥ ይቀመጥ፤ ምን እንደተጨመረና ምን እንደተቀየረ በቀላሉ ይታያል። ኮዱ ኮምፒውተሩ ላይ እስካለ ድረስ ለዚህ ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ሆይ፣ የመመረቂያ ፕሮጀክት ስትቀበሉ ይህን ዝርዝር አብራችሁ ጠይቁ።