ነጩ ሽፋንና የምናወጣለት ስም

ጡት በሚጠባ ሕፃን ምላስ ላይ ነጭ ሽፋን ሲታይ ወተት ነው ተብሎ ይታለፋል፤ ያው ሽፋን በአዋቂ ሰው ምላስ ላይ ሲታይ ግን የሹክሹክታ ምክንያት ይሆናል። በእኛ አስተያየት ሁለቱም ከአንድ ጉድለት የሚመነጩ ናቸው፤ ይኸውም የአፍ ፈንገስ ምን እንደሆነና ለምን እንደሚነሣ ሳንጠይቅ ስም ለማውጣት መቸኮላችን ነው።

የሕመሙ አምጪ ከሩቅ የመጣ እንግዳ አይደለም። ካንዲዳ አልቢካንስ የተባለው ይህ ፈንገስ ጠላና ጠጅ ለሚያፈላው እርሾ የሥጋ ዘመድ ሲሆን፣ በብዙ ጤነኛ ሰዎች አፍና አንጀት ውስጥ አንዳች ጉዳት ሳያደርስ ይኖራል። ከልክ እንዳያልፍ የሚገቱት በተለይ ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንደኛው የሰውነት የመከላከል ኃይል፣ ሁለተኛው በአፍ ውስጥ ስፍራና ምግብ የሚሻሙት ባክቴሪያዎች። ከሁለቱ አንዱ ሲላላ ፈንገሱ ይራባል፤ በምላስ፣ በላንቃና በጉንጭ ውስጠኛ ክፍል ላይ እርጎ የመሰለ ሽፋን ይጋግራል። የወተት ቅሪት በእርጥብ ንጹሕ ጨርቅ ወዲያው ይጠረጋል፤ የፈንገሱ ሽፋን ግን በቀላሉ አይለቅም፤ ሲለቅም ሥሩ ቀልቶ፣ አንዳንዴም ደምቶ ይገኛል። (ይህን ስንል ታዲያ የሕፃን አፍ በጨርቅ ይፈተግ ማለታችን አይደለም።)

የባክቴሪያዎቹን ድርሻ የጠቀስነው ያለ ምክንያት አይደለም። ጉሮሮውን ያመመው ሰው ያለ ሐኪም ትእዛዝ አሞክሲሲሊን ገዝቶ መዋጡ በከተሞቻችን የተለመደ ነው። መድኃኒቱ ጎጂውንም ጠቃሚውንም ባክቴሪያ አብሮ ሲጠርግ ለፈንገሱ ሜዳውን ይለቅለታል። ከጥቂት ቀናት በኋላ አፉ ነጭ ሲለብስ ሰውየው ሌላ አንቲባዮቲክ ፍለጋ ወደ መድኃኒት ቤት ይመለሳል፤ በእሳት ላይ ጭድ መጨመር ማለት ይኸው ነው። አሞክሲሲሊን የሚሠራው ባክቴሪያዎች የሕዋስ ግድግዳቸውን የሚያጠናክሩበትን ፔፕቲዶግላይካን የተባለ ንጥረ ነገር በትክክል እንዳይገነቡ በማገድ ነው። ፈንገስ ግን ይህ ንጥረ ነገር ጭራሽ የለውም፤ መድኃኒቱ የሚመታው ዒላማ አያገኝም ማለት ነው። ይህን ልዩነት በሥነ ሕይወት ትምህርት ለፈተና አጥንተን ስናበቃ መድኃኒት ቤት ደጃፍ ላይ መርሳታችን ያስገርመናል።

ለፈንገስ የሚሆን መድኃኒት ማግኘት በራሱ ቀላል አልነበረም። የፈንገስ ሕዋስ እንደ እኛው ሕዋስ ኑክሊየስ ያለው በመሆኑ በአሠራሩ ከባክቴሪያ ይልቅ ለእኛ ይቀርባል፤ እርሱን የሚገድል ነገር እኛንም ሊጎዳ ይችላል። መላውን ያገኙት በኒውዮርክ ግዛት የጤና መሥሪያ ቤት ይሠሩ የነበሩ ሁለት ሴቶች፣ ኤልሳቤጥ ሄዘንና ሬቸል ብራውን ናቸው። አንዷ በኒውዮርክ ከተማ፣ ሌላዋ በኦልባኒ ሆነው የአፈር ናሙናና የምርምር ውጤት በፖስታ እየተላላኩ ሠርተው፣ ከቨርጂኒያ እርሻ በመጣ አፈር ውስጥ ከተገኘ ባክቴሪያ ያወጡትን መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1950 ይፋ አደረጉ። ኒስታቲን የሚለው ስም የተወሰደው ከግዛቲቱ መጠሪያ ነው። መድኃኒቱ በፈንገስ ሕዋስ ሽፋን ውስጥ ከሚገኘው ኤርጎስቴሮል ጋር እየተጣበቀ ሽፋኑን ይበሳሳዋል፤ የእኛ ሕዋስ በኤርጎስቴሮል ፈንታ ኮሌስቴሮል ስላለው ከጥቃቱ በእጅጉ ይተርፋል። ሁለቱ ተመራማሪዎች ከፈጠራ መብቱ የተገኘውን 13 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለራሳቸው ሳይወስዱ ለሳይንስ ምርምር እንዲውል ማድረጋቸውንም ሳንጠቅስ ማለፍ አልወደድንም።

በአራስ ሕፃናት ላይ የአፍ ፈንገስ የተለመደና ብዙውን ጊዜ ቀላል ነው። ሕፃኑ ፈንገሱን በወሊድ ጊዜ ከእናቱ ወይም ከአካባቢው ያገኘዋል፤ የመከላከል ኃይሉ ገና ስላልጠናና በአፉ ውስጥም ተሻሚ ባክቴሪያዎች በቅጡ ስላልሰፈሩ ፈንገሱ በቀላሉ ይስፋፋል። የሚያሳስበን ሕፃኑ አፉን አሞት ጡት እንቢ ሲል የሚከተለው ነው። በብዙ አካባቢዎች ጡት እንቢ ያለ ሕፃን «እንጥሉ ወርዷል» ይባልና ወደ ቆራጭ ይወሰዳል። በጥቂት ጠብታ ኒስታቲን ሊድን የሚችል ሕፃን ለደም መፍሰስና ለኢንፌክሽን የሚዳረገው በዚህ መንገድ ነው። ጤና ጣቢያ ቢወሰድ ኖሮ የመጀመሪያው ምርመራ አፉን ከፍቶ በብርሃን ማየት ብቻ ነበር።

ኒስታቲን የሚሠራው ፈንገሱን ሲነካ ብቻ ነው፤ ከአንጀት ወደ ደም አይገባም ለማለት ይቻላል። በመሆኑም ጠብታው ከጠባ በኋላ በሁለቱም የአፉ ጎን ይደረጋል፤ በምግብ ወዲያው መታጠብ የለበትም። ሽፋኑ ከጠፋ በኋላም ቢያንስ ለሁለት ቀን ይቀጥላል፤ ብዙ ወላጆች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የእናትየዋ ጡት ጫፍ የሚያቃጥላት ወይም የቆሰለ ከሆነ እናትና ልጅ አብረው ይታከማሉ፤ አለዚያ ፈንገሱ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲመላለስ ይከርማል። ማጥባት አይቋረጥም። የጡጦ ጫፍ ይቀቀላል። አፍን ሐምራዊ የሚያደርገውን ጄንሺያን ቫዮሌት የሚያስታውሱ አንባቢዎች ይኖራሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የካናዳ የጤና ባለሥልጣን በእንስሳት ላይ በታየ የካንሰር ሥጋት ምክንያት ሕዝቡ እንዳይጠቀምበት ስላስጠነቀቀ፣ በራስ ፈቃድ ገዝቶ ሕፃን አፍ ላይ መቀባቱን አንደግፍም።

ወደ አዋቂዎች ስንመለስ ነገሩ ይከብዳል። በአገራችን የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መታደል ከመጀመሩ ከ1997 ዓ.ም. በፊት በአፍ ፈንገስ ላይ ክሳት የተጨመረበት ሰው ተስፋው እንደተቆረጠ ይቆጠር ነበር። ያ ዘመን ቢያልፍም ፍርሃቱ ቀርቷል፤ ዛሬም አፉ ነጭ የለበሰ ሰው በእጁ ከልሎ ሲናገር እናያለን። የአፍ ፈንገስ ብቻውን የኤች አይ ቪ ማረጋገጫ አይደለም። በአፍ የሚሳብ የአስም ስቴሮይድ የሚጠቀም፣ የስኳር ሕመሙ ያልተቆጣጠረለት፣ ሰው ሠራሽ ጥርሱን ሌሊት የማያወልቅ፣ የካንሰር ሕክምና የሚወስድ ሰው ሁሉ ሊይዘው ይችላል። የአስም ታካሚው መድኃኒቱን ከሳበ በኋላ አፉን በውኃ ተጉመጥምጦ ቢተፋ ብቻ ችግሩን በብዛት ይቀንሰዋል። ነገር ግን ሐሜትን ለመሸሽ ሲባል እውነቱን መሸፈንም አይገባም። ከእነዚህ አንዱም ሳይኖር የቆየ ወይም ደጋግሞ የሚመለስ የአፍ ፈንገስ የኤች አይ ቪና የስኳር ምርመራ የሚያስፈልገው ምልክት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም የማይለቅ የአፍ ፈንገስን ቫይረሱ ካለባቸው ሰዎች የሕመም ደረጃዎች በሦስተኛው ውስጥ ይመድበዋል። ቫይረሱ የተገኘበት ሰው ሁሉ ሳይዘገይ ሕክምና እንዲጀምር ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ይመክራል፤ አፉን ደብቆ የሚከርመው ሰው የሚያጣው ይህንን ጊዜ ነው።

በአዋቂ ላይ ቀላሉ የአፍ ፈንገስ በኒስታቲን ወይም በሚመጠጥ ክሎትሪማዞል ይታከማል፤ ጠንከር ያለው ብዙውን ጊዜ ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት የሚዋጥ ፍሉኮናዞል ይታዘዝለታል። ይህ መድኃኒት ከሌሎች በርካታ መድኃኒቶች ጋር ስለሚጋጭ፣ በእርግዝና ጊዜም ጥንቃቄ ስለሚሻ ከጎረቤት ተቀብሎ የሚዋጥ አይደለም። ምግብ መዋጥ የሚያሠቃየው ወይም ደረቱ ላይ የሚያመው ሰው ካለ ደግሞ ፈንገሱ ወደ ጉሮሮ ቧንቧ ወርዶ ሊሆን ስለሚችል፣ አፉን በጠብታ እያረጠበ ሳይቆይ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይቅረብ።