ጣሊያን የቀበረው ነው፣ አይነካም!

የዛሬው ወጋችን ትንሽ ስለሚሸት፣ ምሳ ላይ ያላችሁ ለኋላ አቆዩት።

ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ፣ አንድ አሮጌ ግቢ ውስጥ ሦስት ተከራዮች እንኖራለን። ባለፈው በጋ ግቢው መሽተት ጀመረ። ጥርጣሬው መጀመሪያ የወደቀው እኔ ላይ ነው፤ ወንደላጤ ነኛ! ጎረቤቶቼ ባልና ሚስት ደግሞ «ውሃ አታፈስም»፣ «አንቺ ነሽ እንጂ» እየተባባሉ ተኮራረፉ። የልጃቸው ተቅማጥ ሁለቴ ጤና ጣቢያ አመላልሷቸዋል።

ታዲያላችሁ፣ በየካቲት ሣሩ ሁሉ ደርቆ፣ የሽንት ቤቱ ቱቦ በሚያልፍበት መስመር ላይ ብቻ እስከ ጉልበት የለመለመ ሣር አየሁ። ከዚያ እስከ ውሃ ጉድጓዳችን አራት እርምጃ ነው። የሕፃኑ ሕመም ከዚያ የመጣ ነው ብዬ አልምልም። ግን በ1854 እ.ኤ.አ. ለንደን፣ ብሮድ ስትሪት አካባቢ፣ ኮሌራ ከ600 በላይ ሰው ፈጅቷል። ጆን ስኖው የተባለ ሐኪም የሰፈሩን የውሃ ጉድጓድ ጠረጠረ፤ በኋላ ሲቆፈር የአንድ ቤት ፍሳሽ ማጠራቀሚያ ግንቡ ተበልቶ፣ ከውሃው አንድ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ሲያንጠባጥብ ተገኘ።

ለባለቤቷ ነገርኳቸው። «ጣሊያን የቀበረው ነው፣ አይነካም!» አሉኝ።

«እትዬ፣ ጣሊያኑም እኮ በ1933 ዓ.ም. ወጥቷል።»

«እሱ አምስት ዓመት ነው የቆየው፤ ቱቦው ግን ይኸው አለ!»

የቧንቧ ሠራተኛ አመጣሁ። መስመሩን በአንድ በኩል ቆፍሮ፣ ቀለም የበጠበጠበትን አንድ ባልዲ ውሃ ሽንት ቤቱ ውስጥ ደፋው። ቀለሙ ከአፈሩ ብቅ ሲል እትዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ብረቱ መጋጠሚያው ላይ ዝጎ ወንፊት ሆኗል። እሳቸው ባለ 110 ሚሊ ሜትር ፕላስቲክ ቱቦ ገዙ፤ የእጅ ዋጋውን ሦስታችን ተካፈልን። (ሠራተኛው ሴጌቶ፣ ጎሚቶ፣ ፖዜቶ ሲል፣ ቱቦው ወጣ እንጂ ጣሊያንኛው አልወጣም።)

እናንተም ልታስቀይሩ ከሆነ አጠገቡ ቁሙ። ለየሜትሩ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅታ ይኑረው። ከሥሩ ድንጋይ ሳይሆን አሸዋ ይነጠፍ። ማጠፊያ ለመቆጠብ ቱቦውን በእሳት አሙቆ የሚያጥፍ ካጋጠማችሁ አስቁሙት፤ ግድግዳው ይሳሳል፣ ነገ እዚያው ላይ ይሰነጠቃል። ማጣበቂያው ሳይደርቅ ውሃ አይለቀቅ፤ ውሃ ለቃችሁ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በእጃችሁ ሳትዳብሱ ደግሞ አፈር አታስመልሱ። ቱቦ ተቀየረ ማለት የጉድጓዱ ውሃ ጠራ ማለትም አይደለም። እኛ ጉድጓዱ ተጠርጎ በክሎሪን እስኪታከም አፍልተን ጠጥተናል።

ከጅማ እስከ አጋሮ፣ እስከ ሊሙ ላላችሁ ቡና ጠጪዎች አንድ ነገር ልጨምር። ፕላስቲኩ አይዝግም፣ የጀበና አተላ ግን እሱንም ይደፍነዋል። አተላውን ለጓሮ አትክልት ስጡት።

እትዬ ከአሮጌው ብረት ደህናውን ቁራጭ መርጠው የልብስ ማስጫ ምሰሶ አድርገው አቁመውታል። ባልና ሚስቱ ታርቀዋል። እኔን ግን እስካሁን ይቅርታ የጠየቀኝ የለም።