ማዕረግ የበዛበት ትሕትና

የኮንፈረንስ ሰሞን ሲደርስ በወላይታ፣ በሶዶ አደባባዮችና በበዴሳ መንገድ ዳር የሚሰቀሉትን ባነሮች ልብ ብሎ የሚያይ ሰው ከስብከቱ ርዕስ ይልቅ የሰባኪው ማዕረግ ጎልቶ ይታየዋል። ከስሙ በፊት «ሐዋርያ»፣ ከሐዋርያው በፊት «ዶክተር»፣ አንዳንዴም ከሁለቱ በላይ «ታላቁ የእግዚአብሔር ሰው» የሚል ይሰፍራል። ፎቶግራፉ የሸራውን ግማሽ ይይዛል። የመዘምራኑ ስም ከግርጌ በትንንሽ ፊደል ይደረደራል። ለእንግዳው ሁሉ ሌሊት ተነሥተው የሚያበስሉት እናቶች ደግሞ ጭራሽ አይነሡም። የዕለቱ ስብከት ስለ ትሕትና ቢሆንም እንኳ የባነሩ አሠራር አይለወጥም።

ለቅሶ ወይም ሰርግ ድንኳን ውስጥም ያው ነው። ፊት ለፊት ያለው ለስላሳ ወንበር ለማን እንደተዘጋጀ ለማወቅ ጠያቂ አያስፈልግም። አንድ «ትልቅ ሰው» ዘግይቶ ሲገባ አስተናጋጁ ወጣት ይደነግጥና ቀድመው የመጡትን ሽማግሌ «አባቴ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ይበሉልን» ይላቸዋል። ሽማግሌውም «ግድ የለም ልጄ» ብለው ከዘራቸውን ይዘው ይነሣሉ። የሚያየው ሁሉ የሽማግሌውን ትሕትና ያደንቃል። ሽማግሌ አስነሥቶ የተቀመጠውን ሰውዬ ግን ማንም ምንም አይለውም።

ይህን የቤተ ክርስቲያን የውስጥ ጉዳይ ነው ብለን እንዳናልፈው የሚያደርግ ምክንያት አለ። በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በወላይታ ዞን ከ10 ሰው ሰባት ያህሉ ፕሮቴስታንት መሆኑን አሳይቷል። ኦርቶዶክሱና ካቶሊኩ ሲጨመርበት ዞኑ ከሞላ ጎደል የክርስቲያን አገር ነው። የወረዳው ባለሥልጣን፣ የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር፣ የጤና ጣቢያው ነርስ፣ የባጃጁ ሹፌር እሑድ ጠዋት የሚገናኙት በአንድ አዳራሽ ነው። እሑድ መድረክ ላይ የታየው የወንበር ቅደም ተከተል ሰኞ ቢሮ ውስጥ ይደገማል። በዴሳን በመሰለች የወረዳ ከተማ፣ ሁሉም ሁሉን በሚያውቅበት ቦታ፣ ማን እንደሚከበርና ማን እንደሚታለፍ ልጆች የሚማሩት በዚህ መንገድ ነው።

የወላይታ አማኞች ታሪክ ግን የተጀመረው እንዲህ አልነበረም። የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሰዎች በዶክተር ቶማስ ላምቢ መሪነት ወላይታ የደረሱት በ1920 ዓ.ም. ነው። ለዓመታት ያገኙት ሰሚ ጥቂት ነበር። የመጀመሪያዎቹ አማኞች የተጠመቁትም በ1926 ዓ.ም. ነው። ጣሊያን አገሪቱን ከወረረ በኋላ ሚሲዮናውያኑ በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. ከሶዶ እንዲወጡ ተገደዱ፤ ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች 50 ያህል ብቻ ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ሕንፃ፣ በጀትና ዲፕሎማ የላቸውም፤ በእጃቸው የቀረው በቋንቋቸው የተተረጎመ ጥቂት የወንጌል ክፍል ነው። አብዛኞቹም ማንበብ አይችሉም ነበር። ሚሲዮናውያኑ ጣሊያን ከተባረረ በኋላ ሲመለሱ ግን አማኙ ወደ 10 ሺህ ተጠግቶ ጠበቃቸው።

ይህን ቁጥር ለጉራ የሚጠቅሱት ብዙ ናቸው። እኔን የሚገርመኝ ግን እንዴት እንደሆነ ነው። ሥራው በአንድ ታላቅ ሰው ስም አልተጠራም፤ አጥቢያዎቹ በሽማግሌዎች ጉባኤ ይመሩ ነበር። ከመሪዎቹ አንዱ ዋንዳሮ ዳባሮ በጣሊያኖች ታስሮ በአደባባይ ተገርፏል፤ ስብከቱን ግን አልተወም። በኋላም የወላይታ ወንጌላውያን ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋ፣ ወደ ሲዳማና ከዚያም ራቅ ወዳሉ አገሮች ሲወጡ የሚያኖራቸው የአጥቢያቸው ገበሬ የሚያዋጣላቸው ጥቂት ገንዘብ ነበረች። እነዚህ ሰዎች ለገራፊ አልሰገዱም፤ ለድሃ ጎረቤታቸው ግን ዝቅ ብለዋል። ዛሬ ብዙ ጊዜ የምናየው የዚህ ግልባጭ ነው። ለባለሥልጣን እናጎነብሳለን፣ በድሃ ላይ እንኮራለን፤ ሁለቱንም በአንድ ቀን እንፈጽምና ማታ «ተመስገን» ብለን እንተኛለን።

ሰው ዝቅ ለማለት መጀመሪያ ማንነቱን ማወቅ አለበት። የዮሐንስ ወንጌል 13ኛ ምዕራፍ ይህን ግልጽ ያደርገዋል። ኢየሱስ ፎጣ ታጥቆ የደቀ መዛሙርቱን እግር ማጠብ ከመጀመሩ በፊት ወንጌላዊው አንድ ነገር ያስቀድማል፤ ከየት እንደመጣና ወዴት እንደሚሄድ፣ ሁሉም በእጁ እንደተሰጠው ማወቁን። አጥቦ ከጨረሰ በኋላም መምህርነቱን አልካደም፤ እንዲያውም መምህር መሆኑን የሚያውቁለት ሰዎች ለምን እንዳጠባቸው እንዲገባቸው ፈለገ። ማንነቱ በአባቱ ዘንድ የተረጋገጠ ስለነበር ፎጣው የሚያጎድለው ነገር አልነበረም። ማንነቱን በማዕረግ ላይ የተከለ ሰው ግን ወንበሩ አንድ ረድፍ ወደ ኋላ ቢሄድ ራሱ የቀነሰ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ወንበሩን ዕድሜ ልክ ሲጠብቅ ይኖራል።

በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ ጸሎተ ሐሙስ ካህናቱ የምእመናኑን እግር በወይራና በወይን ቅጠል ያጥባሉ። ሥርዓቱ የሚያምረው የሚያጥበው ባለ ሥልጣኑ ስለሆነ ነው። ከምእመናኑ መካከል ድሃው ተመርጦ የካህኑን እግር እንዲያጥብ ቢደረግ ኖሮ ነገሩ የተለመደው የዓለም አሠራር ይሆን ነበር።

እዚህ ላይ ልጆቻችንን ማሰብ ግድ ይላል። አዲስ አበባ መንገድ ዳር ጫማ የሚጠርጉ ሊስትሮዎችን የት አገር ልጅ እንደሆኑ ብትጠይቁ ብዙዎቹ የወላይታ ልጆች ናቸው። ከበዴሳና ከአካባቢዋ ትምህርታቸውን አቋርጠው የወጡ አሉባቸው። ቀኑን ሙሉ በሰው እግር ሥር ያጎነብሳሉ። ይህን ትሕትና የሚለው ሰው የለም፤ ልክም ነው፤ ልጁ ያጎነበሰው እርሻው ስለጠበበና ቤቱ ስላልበቃው ነው። ትሕትና መቆም የሚችል ሰው ፈቅዶ የሚያደርገው ነው። እንግዲህ ለተቸገረ ሰው ስለ ትሕትና መስበክ ምን ማለት ነው? የቀን ሠራተኛዋ ደመወዟ ሲዘገይባት «ታገሺ፣ ትሑት ሁኚ»፤ ወጣቱ የቤተ ክርስቲያኑ ገንዘብ ምን ላይ እንደዋለ ሲጠይቅ «ትዕቢት አትልመድ» ይባላሉ። ከላይ ወደ ታች የሚታዘዝ ትሕትና ዝም ማሰኛ ይሆናል።

ይህ በወላይታ ሥር የሰደደ ቁስል ይነካል። ሸክላ የሚሠሩት ቺናሻዎች፣ ቆዳ የሚፍቁትና ብረት የሚቀጠቅጡት ወገኖች ለዘመናት ከሌላው ጋር በማዕድና በጋብቻ ሳይቀላቀሉ ኖረዋል። ወንጌል ሲመጣ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ መቀመጥ ተችሏል፤ በአንድ ጽዋ መጠጣትም እንዲሁ። ጋብቻ ሲነሣ ግን አሁንም የዘር ሐረግ የሚቆጥር አማኝ አለ። የሸክላ ሠሪዋን ጀበና ከገበያ ገዝቶ በየቀኑ ቡና የሚያፈላ ቤት፣ ልጇን ለማግባት የፈለገ ወንድ ልጁን «ሌላ ሴት ጠፋ?» ይለዋል። እንዲህ ያለው ቤት ከመኝታ በፊት ተንበርክኮ ራሱን ትቢያ ነኝ ቢል ጸሎቱ ከኑሮው ጋር አልተገናኘም። ሰው በአምላኩ ፊት ትቢያ ከሆነ፣ ከጎረቤቱ የሚበልጥበትን አጥንት ከየት ያመጣዋል?

የቃል ትሕትና ርካሽ ነው። አማርኛችን ለዚህ የሰጠን ሀብት ብዙ ነው፤ «እኔ ታናሽ ባሪያ»፣ «የማልረባው»፣ «ምንም የማላውቀው» እያልን አንድ ሰዓት መናገር እንችላለን። የተማረ ሰው ትምህርቱን፣ ድምፅ የተሰጠው ዘማሪ ድምፁን መካድ የለበትም። የተሰጠውን እንዳልተሰጠው አድርጎ ማውራት ውሸት ነው፤ ብዙ ጊዜም ምስጋና ለመቀበል የሚደረግ ግብዣ ነው። እውነተኛውን ትሕትና ከዚህ የምንለየው በአንድ ጥያቄ ይመስለኛል፤ ይህን ሰው ማን ሊያርመው ይችላል? ሚስቱ ትችላለች? የቢሮው ጥበቃ ይችላል? የመዘምራኑ ታናሽ አባል፣ ዕቃ አጣቢዋ፣ የቺናሻው ልጅ «ይህ ልክ አይደለም» ቢሉት ሰምቶ ያስባል ወይስ ማዕረጉን ያስታውሳቸዋል? ከሐዋርያው ዮሐንስ መልእክቶች ሦስተኛው ዲዮጥራጢስ የሚባል ሰው ይጠቅሳል። የተወቀሰው ትምህርቱ ስለተበላሸ ነው የሚል እዚያ አናነብም፤ ፊተኛ መሆን በመውደዱ የሚመጡትን አልቀበልም፣ የሚቀበሉትንም አባርራለሁ በማለቱ ነው። ዛሬ በየከተማችን ቤተ ክርስቲያን ሲከፈል ከጀርባው ስንት ዲዮጥራጢስ እንዳለ ሽማግሌዎቹ ያውቁታል።

ስለዚህ ከሶዶ እስከ በዴሳ ያሉ አጥቢያዎች ነገ ሊጀምሩት የሚችሉት ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ሥራ አለ። የኮንፈረንሱ ባነር ላይ የሰው ስም ያለ ማዕረግ ይጻፍ፤ ፎቶውም ይቅር። የፊት ወንበር ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች ይሁን፤ አርፍዶ የመጣ ባለሥልጣን ባገኘበት ይቀመጥ። የዓመቱ ገቢና ወጪ በጉባኤ ፊት ይነበብ፤ የሚጠይቅ ሰው ይመስገን። የሸክላ ሠሪው ልጅ ሽማግሌ ሆኖ ለመመረጥ፣ የሌላውን ልጅ ለማግባትም የሚያግደው ነገር እንደሌለ መጋቢው በግልጽ ይናገር፤ የራሱ ልጅ ጥያቄ ይዞ ሲመጣም ቃሉን ይጠብቅ። ሕንፃም ማዕረግም ያልነበራቸው እነዚያ 50 ሰዎች በአንድ ትውልድ ውስጥ ደቡብን አዳርሰዋል። እኛ ሁለቱንም አግኝተናል፤ አንዳችንን አንዳችን የማረም ነጻነት ካጣን ግን ያገኘነው ከእነርሱ ያነሰ ነው።