ልስኑ ከመመለሱ በፊት

ከድሬዳዋ በስተደቡብ ምሥራቅ በምትገኘው ሐርላ፣ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች የ12ኛውን መቶ ክፍለ ዘመን መስጊድ ማግኘታቸውን እ.ኤ.አ. በ2017 አስታውቀዋል። እነዚህ ባለሙያዎች አፈሩን የሚያነሡት ንብርብሩን ካነበቡና ከመዘገቡ በኋላ ነው። ከሐርላ ብዙም ሳይርቅ፣ በከተማዋ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ውስጥ እድሳት ሲደረግ ግን የወለል ስንጥቅ ሳይመረመር በልስን ይደፈናል። በዚህ ጸሐፊ እምነት ይህ ማስረጃ ማጥፋት ነው።

ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በሀገራችን ከተሠሩት ከእነዚህ ቤቶች የብዙዎቹ ወለል፣ አስቀድመው ተዘጋጅተው ከሚገጣጠሙ የኮንክሪት ቢሞችና በመካከላቸው ከሚደረደር ብሎኬት የተሠራ ነው፤ ከላይ ስስ ኮንክሪት ይፈስስበታል። ቢሙና ብሎኬቱ የሚገናኙበትን መስመር ተከትሎ የሚታይ ቀጭን ስንጥቅ ብዙ ጊዜ ከመኮማተር የመጣ ነው፤ አያሰጋም። በቢሙ ሆድ ላይ በቁመቱ ተዘርግቶ የዝገት ቀለም የሚያሳይ ስንጥቅ ግን ፌሮው እየዛገ መሆኑን ይናገራል። ቢሙ ግድግዳ ላይ ከሚያርፍበት አጠገብ በሰያፍ የሚሄደው ደግሞ መሐንዲስ ሳያየው ሊነካ አይገባም።

ፌሮ በጤናማ ኮንክሪት ውስጥ የማይዝገው የኮንክሪቱ ፒኤች ከ12 በላይ በመሆኑ ነው። የአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀስ በቀስ እየሰረገ ፒኤቹን ከ9 በታች ያወርደዋል። አዲስ በተሰበረ የኮንክሪት ገጽ ላይ ፌኖልፍታሊን ቢረጭ ጤናማው ክፍል ሐምራዊ ሮዝ ይሆናል፤ የተጎዳው ቀለም አይለውጥም። የጉዳቱ ጥልቀት በግምት ከዘመኑ ስኩዌር ሩት ጋር ይመጣጠናል። በ20 ዓመት 10 ሚሊ ሜትር የገባ ጉዳት 20 ሚሊ ሜትር ለመድረስ 80 ዓመት ይፈልጋል ማለት ነው። ፌሮው 20 ሚሊ ሜትር ውስጥ ከሆነ ባለቤቱ ጊዜ አለው፤ ቀለም አልባው ክፍል ዛሬውኑ ፌሮው ጋ ከደረሰ ግን ልስን ምንም አይፈይድም።

የድሬዳዋ ሙቀት ሌላ ጣጣ አለው። በሚገባ ውሃ ያልጠጣ ኮንክሪት ቶሎ ደርቆ ገጹ ቀዳዳማ ስለሚሆን ጋዙ ይፈጥንበታል። ያም ሆኖ ደረቅ ኮንክሪት ውስጥ ዝገት ያዘግማል፤ ስለዚህ ምርመራው መጀመር ያለበት ከመታጠቢያ ቤት ሥር፣ ውሃ ከሚያንጠባጥብበት ነው። የቧንቧ መስመር ለመዘርጋት የቢሙን ሆድ በመሮ የሚፈለፍል ሠራተኛማ ፌሮውን ራሱን ሊቆርጠው ይችላል፤ ይህን ደግሞ የትኛውም ኬሚካል አይገልጠውም።

ፌኖልፍታሊን በትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ የሚታወቅ ነገር ነው። ቀለሙ የሚነበበው ገጹ እንደተሰበረ ወዲያው፣ አቧራው ተጠርጎ ነው፤ ቆይቶ ከሆነ ንባቡ ያሳስታል።