ሴራሚኩ ከመነጠፉ በፊት

ኮንዶሚኒየም ውስጥ የኖረ ሰው የላይኛውን ጎረቤቱን ኑሮ በጆሮው ያውቀዋል። ስንት ሰዓት እንደሚነሳ፣ ልጆቹ ከትምህርት ቤት መቼ እንደሚመለሱ፣ ቡናው መቼ እንደሚወቀጥ ሳይነገረው ይሰማል። ታች ያሉት ሴትዮ ብዙ ከታገሡ በኋላ አንድ ቀን ወጥተው በር ያንኳኳሉ፤ «የኔ ልጅ፣ ሕፃናቱን ትንሽ ያዝ ብታደርጊያቸው?» ይላሉ። «ምን ላድርግ እትዬ፣ ልጆች እኮ ናቸው፤ የት ልውሰዳቸው?» ትላለች እናቲቱ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ደረጃ ላይ ሲተላለፉ ሰላምታው ይቀዘቅዛል። እኔን የሚያንገበግበኝ በመካከላቸው ያለው ሶሌታ ባጠፋው እነሱ መቀያየማቸው ነው።

በወለል በኩል የሚያልፈው ድምፅ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በአየር የሚመጣው ነው፤ ወሬ፣ ቴሌቪዥን፣ የሕፃን ለቅሶ። ይህን የሚያስቀረው ክብደት ነው። 15 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ድፍን አርማታ በካሬ ሜትር 360 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን በሰው ድምፅ በቀላሉ አይንቀጠቀጥም። ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ የተሠሩት ኮንዶሚኒየሞቻችን ብዙዎቹ ግን ተገጣጣሚ ቢም ተደርድሮ፣ በመሃሉ ክፍት ቡሎኬት ገብቶ፣ ከላይ ስስ ኮንክሪት የፈሰሰባቸው ናቸው። ዘዴው ለብዙ ሰው ጣሪያ ያስገኘ ነውና አልነቅፈውም። ቢሆንም ሲሚንቶና ብረት የቆጠበው ወለሉን በማቅለል ስለሆነ ከታች ያለው ሰው ዋጋውን በጆሮው ይከፍላል።

የባሰው ሁለተኛው ነው፤ ወለሉ ራሱ ሲመታ የሚወጣው ድምፅ። ሙቀጫ፣ የወንበር መጎተት፣ ታኮ ጫማ፣ የልጅ ዝላይ። ሴራሚኩ ከሊሾው፣ ሊሾው ከሶሌታው፣ ሶሌታው ከግድግዳው ጋር አንድ አካል ሆኖ ስለተጣበቀ አራተኛ ፎቅ ላይ የተወቀጠ ቡና ሁለተኛ ፎቅ ድረስ ይሰማል። ባለሙያዎች ይህን የሚለኩበት መሣሪያ አላቸው። ግማሽ ግማሽ ኪሎ የሚመዝኑ አምስት መዶሻዎች ከ4 ሳንቲሜትር ከፍታ እየወደቁ ወለሉን በሰከንድ አሥር ጊዜ ይመቱታል፤ የሚወጣው ድምፅ ከታች ባለው ክፍል ይለካል። የእኛ ዘነዘና ከእነዚያ መዶሻዎች ከፍ ብሎ ነው የሚወርደው፤ እሱ ታስቦ የተሠራ ወለል ግን እምብዛም አላየሁም።

ለዚህኛው ድምፅ ክብደት ብቻውን አይበቃም። ደቡብ ኮሪያውያን በአፓርታማ ኑሮ ብዙ ስለተፈተኑ የፎቅ ቤቶቻቸው ሶሌታ 21 ሳንቲሜትር እንዲሆን ደንግገዋል። ጠቡ ግን አልቆመም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2022 ሕንፃው ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ወለሉ በመሣሪያ ተለክቶ እንዲረጋገጥ የሚያስገድድ ሥርዓት አወጡ።

መድኃኒቱ ሊሾውን ከሶሌታው ማለያየት ነው። ሶሌታው ተጠርጎ ከጸዳ በኋላ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ለስላሳ ንጣፍ ይዘረጋበታል፤ የጎማ፣ የቡሽ ወይም ጠጠር ያለ የፋይበር ጥጥ ሊሆን ይችላል። ንጣፉ በግድግዳው ዙሪያ ወደ ላይ ይታጠፋል፤ ከላዩ ላስቲክ ተደርጎ ሊሾው ይፈስበታል። ሊሾው ሶሌታውንም ግድግዳውንም ሳይነካ በንጣፉ ላይ ብቻ ይቀመጣል። ሥራው የሚበላሸው በጥቂቱ ነው። ላስቲኩ ተቀዶ የሾለከ አንድ አካፋ ቡኮ፣ ወይም ከሴራሚኩ ጋር በሲሚንቶ የተያያዘ ዞኮሎ ድምፁን መልሶ ያሻግረዋል፤ ስለዚህ ፎርማኑ ሊሾው ከመፍሰሱ በፊት ጥግ ጥጉን በዓይኑ ማየት አለበት። በደንብ ከተሠራ የምቱን ድምፅ በ20 ዴሲቤልና ከዚያም በላይ ይቀንሳል። 10 ዴሲቤል ሲቀንስ ጆሯችን ድምፁ በግማሽ የወረደ ያህል ስለሚሰማው 20 ማለት ሩብ ገደማ ነው። ክብደቱና ከፍታው ግን አስቀድሞ ይታሰብ፤ 5 ሳንቲሜትር ሊሾ በካሬ ሜትር 100 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን በነባር ሊሾ ላይ ሌላ ከመደረቡ በፊት መሐንዲስ ይጠየቅ።

ከታች ሆኖ ኮርኒስ መስቀል ያን ያህል አይረዳም፤ ድምፁ በግድግዳው በኩል ዞሮ ይገባልና። ሥራው የላይኛው ሰው ነው፤ ጥቅሙ የታችኛው። ለራሱ ቤት የማይሰማ ነገር ላይ ማን ገንዘብ ያወጣል? በዚህ ምክንያት ነው ነገሩን ለሰው በጎ ፈቃድ መተው አይገባም የምለው። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ2003 ወዲህ አዲስ የመኖሪያ ሕንፃ ከርክክብ በፊት የወለሉ ድምፅ ይፈተሻል፤ በምት የሚመጣው ከ62 ዴሲቤል እንዳያልፍ ተደንግጓል። እኔ ያየኋቸው የአፓርታማ ሽያጭ ውሎች የሴራሚኩን አገር፣ የበሩን ዓይነት፣ የሊፍቱን ስም ይዘረዝራሉ። ስለ ወለሉ ድምፅ አንድ ቃል አላገኘሁባቸውም። ገዢ ሆይ፣ ጠይቅ።

ስለ ሙቀትም ላንሳ፤ ሻጮች አንዱን ነጭ ፎም «ለሙቀትም ለድምፅም» እያሉ ነው የሚሸጡት። ፎሙ አብዛኛው አየር ነው፤ ሙቀትን የሚይዘውም ያ የታሰረ አየር ነው። ቀላል በመሆኑ ግን ወሬንም ቴሌቪዥንንም አያስቀርም። ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው የእንቁላል ካርቶንም ክፍሉ ውስጥ ያለውን ማስተጋባት ቢቀንስ እንጂ ጎረቤትን አያሳርፍም። ደግሞም አዲስ አበባ ላይ ሰው በሚኖርባቸው በሁለት ፎቆች መካከል የሙቀት ልዩነቱ ኢምንት ነው፤ እዚያ ለሙቀት ብሎ ገንዘብ ማፍሰስ ብክነት ነው። የሙቀት መከላከያ የሚያስፈልገው ቀን ፀሐይ ለሚጠብሰው፣ ሌሊት ብርድ ለሚያንዘፈዝፈው የመጨረሻ ፎቅ፣ ከቆርቆሮው ሥር ነው፤ እንዲሁም ከሥሩ ክፍት መተላለፊያ ወይም የመኪና ማቆሚያ ላለበት ቤት።

አስቀድሞ ሴራሚክ የተነጠፈበት ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሊያደርገው የሚችለው አለ። ወፍራም ምንጣፍ ከነስፖንጁ የምት ድምፅን አጥብቆ ይቀንሳል። በሙቀጫ ሥር ወፍራም ጎማ ማድረግ፣ የወንበር እግር ጨርቅ ማልበስ ዋጋው ትንሽ ነው። በብዙ ሳይቶች የተሠራው ኮሚናልም ለእርድና ለመሰል ሥራ የታሰበ ነውና መጋዘን አድርገን ከምንዘጋው ከባዱን ወቀጣ እዚያ እናድርገው።

ትልቁ ዕድል ያለው ግን ቤቱን ሳይጨረስ በተረከበው ሰው እጅ ነው። ብዙ የዕጣ ዕድለኞች ቤቱን ወለሉ ሳይለብስ ተረክበው ሴራሚኩን በራሳቸው ያስነጥፋሉ። የጋራ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370/1995 ደግሞ የቤት ባለቤቶች ማኅበር መተዳደሪያ ደንብ እንዲኖረው ፈቅዷል። ደንቦቻችን ስለ መኪና ማቆሚያ፣ ስለ ውሃ ታንከር፣ ስለ ወርኃዊ መዋጮ ይናገራሉ፤ ነዋሪው ገና ግንበኛ በሚያስገባበት በመጀመሪያው ጠቅላላ ጉባኤ አንድ አንቀጽ ይጨመርባቸው፦ ለስላሳ ንጣፍ ሳይዘረጋና የማኅበሩ ኮሚቴ ሳያየው ማንም ሴራሚክ እንዳያስነጥፍ።