የተማሪውን ዓምድ እንሙላ፦ ስለ ባዮሎጂ ትምህርት ዕቅድ የቀረበ ጥሪ

ለባዮሎጂ መምህራን፣ ለርዕሳነ መምህራንና ለሱፐርቫይዘሮች፣ ለወላጆችና ለቀድሞ ተማሪዎች፤

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን የባዮሎጂ የዕለት ትምህርት ዕቅድ ዓምዶች የታወቁ ናቸው፦ ዓላማ፣ ይዘት፣ ጊዜ፣ የመምህሩ ተግባር፣ የተማሪው ተግባር፣ መርጃ መሣሪያ፣ ምዘና። «የመምህሩ ተግባር» በሚለው ሥር ማብራራት፣ ምሳሌ መስጠት፣ ማጠቃለል የሚሉ ቃላት ይደረደራሉ። «የተማሪው ተግባር» የሚለው ግን ብዙውን ጊዜ ማዳመጥ፣ ማስታወሻ መያዝ፣ ጥያቄ መመለስ ተብሎ ይታለፋል። ርዕሱ ሴልም ይሁን የምግብ መፈጨት ወይም ሥነ ምህዳር፣ እነዚሁ ቃላት ከሳምንት ሳምንት ይገለበጣሉ። ዕቅዱ ለፊርማ ይቀርባል፣ ይፈረምበታል፣ ይመለሳል።

ጥሪያችን አጭር ነው። ከመጪው መስከረም ጀምሮ የባዮሎጂ ትምህርት ሲታቀድ በቅድሚያ የሚሞላው የተማሪው ዓምድ ይሁን። ዕቅዱንም መምህሩ ማታ ብቻውን ከሚጽፈው የትምህርት ክፍሉ ባልደረቦች በሳምንት አንድ ሰዓት አብረው ይሥሩት። ይህ እንዲሳካ ርዕሰ መምህሩም፣ ወላጁም፣ ርቆ ያለውም የሚያዋጡት ድርሻ አለ።

ይህን የምንለው ዝም ማለት ስለማይቻል ነው። በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ። ምክንያቱ ብዙ ነው፦ ጦርነቱ፣ ወረርሽኙ፣ የተጨናነቀው ክፍል፣ የመጽሐፍ እጥረቱ፣ ከታች ክፍል ጀምሮ እየተንከባለለ የመጣው ክፍተት። አንድ የዕለት ዕቅድ ይህን ሁሉ አይፈታም። ሆኖም የ40 ደቂቃዋን ክፍለ ጊዜ በምን እንደምናውላት የምንወስነው እኛው ነን፤ ለዚያ ደግሞ የበጀት ዓመት መጠበቅ አያስፈልግም።

አንድ ነገር ከቅርብ ታሪካችን እናስታውስ። በ1990ዎቹ መጨረሻ በየሁለተኛ ደረጃ ክፍሉ ፕላዝማ ቴሌቪዥን ሲገባ ትምህርቱ በሳተላይት ይሰራጭ ነበር። ምስሉ ያማረ፣ ይዘቱም የተሟላ ነበር። ያልገባው ተማሪ ግን ሊያስቆመው አይችልም፣ መምህሩም ሊያዘገየው አይችልም። ትምህርት ከፊቱ ያለውን ልጅ ሳያይ ሲታቀድ ምን እንደሚጎድለው በዚያ ዘመን ክፍል ውስጥ የነበረ ሁሉ ያውቀዋል።

እስቲ አንድ ርዕስ እንውሰድ፤ በሴል ምዕራፍ ውስጥ ያለውን ኦስሞሲስን። በተለመደው አካሄድ ትርጉሙ በእንግሊዝኛ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፣ ተማሪው ይገለብጣል፣ ለፈተና ይሸመድደዋል፣ ከፈተና በኋላ ይረሳዋል። የተማሪው ዓምድ ቀድሞ ሲሞላ ግን መምህሩ 60 ተማሪ ወዳለበት ክፍል የሚገባው ጥቂት ድንች፣ ጨውና ከባዶ የሃይላንድ ፕላስቲክ የተቆረጡ 20 ኩባያዎች ይዞ ነው። ድንቹ እንደ እርሳስ ቀጠን ተደርጎ፣ በ5 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ተቆርጧል። ተማሪዎቹ ስድስት ስድስት ሆነው በአሥር ቡድን ተቀምጠዋል።

በመጀመሪያዎቹ 5 ደቂቃዎች አንድ ጥያቄ ይቀርባል፦ ቲማቲም ከትፈን ጨው ስንነሰንስበት ከሳህኑ ሥር የሚጠራቀመው ውሃ ከየት መጣ? እያንዳንዱ ተማሪ ግምቱን በደብተሩ ይጽፋል፤ ትክክል ነው ስህተት ነው የሚለው ገና ነው። በሚቀጥሉት 5 ደቂቃዎች እያንዳንዱ ቡድን አንዱን የድንች ቁራጭ ንጹሕ ውሃ ውስጥ፣ ሌላውን ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨው የተበጠበጠበት ውሃ ውስጥ ያስገባል። ድንቹ በውሃው ውስጥ በሚቆይበት 20 ደቂቃ መምህሩ ስለ ሴል ሽፋን ያስተምራል። ተማሪዎቹ ሥዕሉን ይሥላሉ፣ በአማርኛ ወይም በአፍ መፍቻቸው እርስ በርስ ይወያያሉ፣ ከዚያ ለርዕሱ የግድ የሚያስፈልጉትን አምስት የእንግሊዝኛ ቃላት ይይዛሉ። ቀጥሎ በ7 ደቂቃ ውስጥ ቁራጮቹን አውጥተው ያጎብጧቸዋል። ከጨው ውሃ የወጣው ልምሽምሽ ብሎ ይታጠፋል፤ ከንጹሑ ውሃ የወጣው ጠንክሮ ቀጭ ይላል። ተማሪው ግምቱን ካየው ጋር ያስተያያል። በመጨረሻዎቹ 3 ደቂቃዎች አንድ ጥያቄ በቁራጭ ወረቀት ይመለሳል፦ ቋንጣ በጨው ታሽቶ ሲሰቀል ሳይበላሽ የሚቆየው ለምንድን ነው?

አሁን የተማሪውን ተግባር ስንጽፍ «ይገምታል፣ ያዘጋጃል፣ ይሥላል፣ ያነጻጽራል፣ ምክንያቱን ይጽፋል» ማለት እንችላለን። እነዚያን 60 ቁራጭ ወረቀቶች መምህሩ በእረፍት ሰዓት በሦስት ይከፍላቸዋል፦ የገባቸው፣ በከፊል የገባቸው፣ ገና ያልገባቸው። የነገው ትምህርት ከየት እንደሚጀመር የሚነግረው ያ ነው። ምዘና የሚለውም ዓምድ በዚያው ተሞላ።

ለሌሎች ርዕሶችም የሚሆን ነገር በየቤታችንና በየግቢያችን አለ። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ አዮዲን በተቀቀለ ድንችና በዳቦ ላይ ጠብ ሲደረግ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይለወጣል፤ በእንቁላል ነጭ ላይ ግን ይህ ለውጥ አይታይም። እርሾ፣ ስኳርና ለብ ያለ ውሃ በጠርሙስ ውስጥ ተደርጎ አፉ ላይ ፊኛ ቢታሰር ፊኛው ይነፋል፤ የእንጀራ ዓይን ከየት እንደሚመጣ ተማሪው ከዚያ በኋላ ራሱ ያስረዳል። ቅጠል በበዛበት ቅርንጫፍ ላይ ግልጽ ፌስታል ታስሮ ፀሐይ ላይ ሲቆይ ውስጡ የውሃ ጠብታ ይይዛል። በገመድ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን በትምህርት ቤቱ ግቢ ተዘርግቶ በውስጡ ያሉት የዕፅዋት ዓይነቶች ቢቆጠሩ የሥነ ምህዳር ትምህርት ከመጽሐፉ ወጥቶ መሬት ይረግጣል።

ይህ ሁሉ ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ተመራማሪውን አክሊሉ ለማን እናስብ። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ አካባቢ ቢልሃርዚያን ሲያጠኑ ሴቶች ልብስ በእንዶድ ከሚያጥቡበት የወንዝ ዳር በታች በኩል የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። ቀንድ አውጣዎቹ የበሽታው ጥገኛ ትል የሚራባባቸው ናቸው። ከላይና ከታች ያለውን ውሃ አነጻጸሩ፣ ለምን ብለው ጠየቁ፣ ፈተሹ። እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ያረጋገጠው የዓመታት ምርምር የተነሣው ከዚያ ነው፤ አክሊሉ ለማና የምርምር ባልደረባቸው ለገሰ ወልደዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን በጋራ ተቀበሉበት። ያንን ወንዝ በየቀኑ ያየው ሰው ብዙ ነበር። ማየትን፣ ማነጻጸርንና መጠየቅን ተማሪዎቻችን የሚለምዱት በመስማት ብቻ አይደለም፤ በዕቅዱ ውስጥ ቦታ ሊያዝለት ይገባል።

ስለዚህ እያንዳንዳችን የሚከተለውን እናድርግ።

መምህራን ሆይ፣ በየክፍለ ጊዜው ሙከራ ይሠራ አንልም። መጽሐፉ ሰፊ፣ ጊዜው አጭር መሆኑን እናውቃለን። የምንለምናችሁ ለእያንዳንዱ ምዕራፍ ቢያንስ አንድ ተማሪው በእጁ የሚሠራበት ክፍለ ጊዜ በዓመታዊ ዕቅዳችሁ ውስጥ ከወዲሁ እንድትይዙ ነው። በሳምንቷ አንድ ሰዓት አብራችሁ ተቀመጡ። አንዳችሁ ስታስተምሩ ሌሎቻችሁ ከኋላ ተቀምጣችሁ ተማሪዎቹን ተመልከቱ፤ ማን ገባው፣ ማን ዝም አለ፣ የትኛው ጥያቄ ክፍሉን አነቃው የሚለውን መዝግቡ። ከዚያ ዕቅዱን አርሙት። የጃፓን መምህራን ከመቶ ዓመት በላይ ይዘውት የቆዩት አሠራር ይኸው ነው፤ የሚታየው ትምህርቱ እንጂ የመምህሩ ድክመት አይደለም። ተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ የምንለውም በዚህ ሥራ ቢሞላ ፋይሉ ትርጉም ያገኛል። የታረመውን ዕቅድ በየምዕራፉ ለይታችሁ በቦክስ ፋይል አስቀምጡ፤ መምህር ሲዛወር ዕቅዱ ለሚተካው ይቀራል።

ሁለት ነገሮችን ግን አትዝለሉ። አንደኛ፣ ማንኛውንም ሙከራ ከክፍሉ በፊት ራሳችሁ ሞክሩት። ሁለተኛ፣ ደህንነትን በዕቅዱ ላይ በግልጽ ጻፉ። አልኮል በቀጥታ እሳት ላይ አይሞቅም፤ አዮዲን የነካው ምግብ አይበላም፤ የደም ዓይነት ለማየት ተብሎ ተማሪዎች መርፌ አይጋሩም።

ርዕሳነ መምህራንና ሱፐርቫይዘሮች ሆይ፣ የክፍለ ጊዜ ድልድሉን ስታወጡ የባዮሎጂ መምህራን በሙሉ ነጻ የሚሆኑባትን አንዲት ሰዓት አስቀምጡ፤ በስብሰባም በፈረቃም አትነካ። ዕቅድ ስትፈርሙ በመጀመሪያ የተማሪውን ዓምድ አንብቡ፤ ማዳመጥና ማስታወሻ መያዝ ብቻ ካለበት ከመምህሩ ጋር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩበት። ተቆልፎ የከረመ ቤተ ሙከራ ካለ ክፈቱት፣ ያለውን ቁጠሩ፣ ጊዜው ያለፈበትን ኬሚካል በባለሙያ አስወግዱ። በጦርነት ቤተ ሙከራቸው የፈረሰባቸው ትምህርት ቤቶች ደግሞ ሕንጻው እስኪሠራ መጠበቅ የለባቸውም፤ ከላይ ያየነው የድንቹ ትምህርት ዛፍ ጥላ ሥርም ይሠራል። ድንቹም፣ አዮዲኑም፣ ፊኛውም ከመምህሩ ኪስ እንዳይወጣ በትምህርት ቤቱ በጀት ውስጥ ትንሽም ብትሆን መስመር ያዙላቸው። የመምህር ደመወዝ ምን ያህል እንደሚያዳርስ ሁላችንም እናውቃለን።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ «ስንት አመጣህ?» ከማለታችሁ በፊት «ዛሬ በባዮሎጂ ምን ሠራችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። በወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይም ይህንኑ ጥያቄ አንሡ። ባዶ ጠርሙስ፣ ጥቂት ድንች፣ የባቄላና የበቆሎ ዘር መላክ ለብዙዎቻችን አይከብድም። ከእናንተ መካከል አርሶ አደር፣ አናቢ፣ ነርስ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ያላችሁ አንድ ክፍለ ጊዜ መጥታችሁ ለተማሪዎቹ ሥራችሁን አሳዩ። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለችው የወባ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ውስጥ ከተገኘች ወዲህ ወባ የገጠር ችግር ብቻ ነው ማለት አልተቻለም፤ ይህች ትንኝ በከተማ ውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ትራባለች። የጤና ባለሙያ ከተማሪዎች ጋር ሆኖ በየበርሜሉ ውስጥ እጭ ቢፈልግ ለበሽታ ምዕራፉ ይህን የሚተካ ትምህርት የለም፤ ሰፈሩም ይጠቀማል።

የዩኒቨርሲቲና የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ባልደረቦች ሆይ፣ በአቅራቢያችሁ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ይዛችሁ በየወሩ አንድ ጊዜ ከመምህራኑ ጋር አቅዱ። የተበላሸ ማይክሮስኮፕ የሚጠግን ሰው ካላችሁ ለአንድ ቀን አውሱት።

የቀድሞ ተማሪዎች፣ በተለይም በአሜሪካ፣ በእስራኤል፣ በአውሮፓና በባሕረ ሰላጤው አገሮች የምትኖሩ ሆይ፣ ዕቃ ከመላካችሁ በፊት ወደ ተማራችሁበት ትምህርት ቤት ደውላችሁ የባዮሎጂ ትምህርት ክፍሉን ጠይቁ፤ ምን ለመሥራት አቅደዋል፣ ምን ጎደላቸው? ምናልባት የሚያስፈልጋቸው የማይክሮስኮፕ አምፖልና ስላይድ ብቻ ሊሆን ይችላል። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ፎልድስኮፕ የተባለው ከወረቀት የሚታጠፍ ማይክሮስኮፕ 140 ጊዜ ያጎላል፣ መብራትም አይፈልግም፣ በሻንጣ ጥግ ብዙ ይያዛል። ለአገር ቤት ጉዞ ስትነሡ ለአንድ ክፍል የሚበቃ ብትይዙ የሽንኩርት ሴል በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ተማሪ ያየዋል።

ጊዜ እንቁረጥ። እስከ ነሐሴ መጨረሻ እያንዳንዱ ትምህርት ክፍል ከየምዕራፉ አንድ አንድ የእጅ ሥራ ይምረጥ። መስከረም ላይ የጋራዋ ሰዓት በድልድሉ ውስጥ ትግባ። እስከ ኅዳር መጨረሻ ቢያንስ ሁለት ትምህርት በጋራ ታቅዶ፣ ታይቶ፣ ታርሞ ፋይል ውስጥ ይቀመጥ። በጥር፣ የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ሲያልቅ፣ በአንድ ጉድኝት ያሉ ትምህርት ቤቶች ፋይሎቻቸውን ይለዋወጡ፤ አንዱ የደከመበትን ሌላው እንደገና ከዜሮ አይጀምረው።

ነገ ወባን የሚከላከሉት፣ የጤፍና የቡና ዝርያችንን የሚጠብቁት፣ በየጤና ጣቢያው የሚያክሙን ልጆች ዛሬ 9ኛ ክፍል ተቀምጠዋል። ጥሪውን የሰማችሁ መምህራን ለሥራ ባልደረባችሁ ዛሬውኑ ንገሩና የመጀመሪያዋን ሰዓት ቀን ቁረጡላት። ርዕሰ መምህር ከሆናችሁ ቦታና ጊዜ ስጧቸው። ወላጅ ከሆናችሁ ሰኞ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤቱ ጎራ ብላችሁ «ለባዮሎጂ ምን ላምጣ?» በሉ።