ስለ ቧንቧ ሠራተኞች የሙያ ፈቃድ





እኔ ከስሜን ተራሮች ግርጌ በደባርቅ ከተማ የምኖር የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። ባለፈው ዓመት በተከራየሁት ቤት ቧንቧ ያስገባሁት ዝቅተኛ ዋጋ በጠራ ሰው ነበር። ሰውየውም የመጠጥ ውኃውን መስመር በፍሳሹ ጉድጓድ ዳር አሳልፎ፥ ማኒኮቶውንም በሚገባ ሳያጠብቅ ቀበረው። ውኃ በተቋረጠ ጊዜ ቧንቧው በላላው መጋጠሚያ በኩል በዙሪያው ያለውን እድፍ ወደ ውስጥ ይስባል፤ ውኃው ሲመለስም ያንኑ ይዞ ወደ መጠጫችን ይደርሳል። ይህን የተረዳሁት ሁለቱ ልጆቼ በተቅማጥ ከታመሙ በኋላ ነው።

መስመሩን ቆፍሮ ያቃናልኝ ከዳባት የመጣ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ሥራውን የተማረው ከአጎቱ እጅ ነው። ለምን በየመሥሪያ ቤቱ እንደማይሠራ ብጠይቀው፥ «መምህር፥ ወረቀት የለኝም፤ ኮሌጅም አልገባሁም» አለኝ።

ልጁ ያላወቀው፥ እኔም ያልነገርሁት አንድ ነገር ነበር። በአገራችን የሙያ ብቃት ምዘና የሚጠየቀው ሰው ምን መሥራት እንደሚችል እንጂ የት እንደተማረ አይደለም። በሥራ ላይ የለመደም ሰው ሊመዘን ይችላል። ምዘናው በጽሑፍም በተግባርም ነው፤ ያልበቃውም «ገና ብቁ አይደለም» ተብሎ እንደገና ይሞክራል እንጂ በሩ አይዘጋበትም። ይሁን እንጂ የብቃት ምስክር ወረቀት የንግድ ፈቃድ አይደለም፤ በራሱ ስም ድርጅት ከፍቶ ለሚሠራ ሁለተኛውም ያስፈልገዋል።

ወረቀት ይዞ ጎሚቶ መግጠም የማይችል አለ የሚሉ ይኖራሉ። እውነት ነው፤ ስለዚህም መዛኙ በእውነት ይመዝን ማለት ይገባናል እንጂ ምዘናው ይቅር አንልም። ፈቃድ የሌለው ሰው በሠራው ቧንቧ የሚታመመው ሠሪው ሳይሆን ጠጪው ነውና።

ከሁሉ በፊት ግን ራሴን እወቅሳለሁ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ ከሰዓት በኋላ መጋዝና መዶሻ ይዘን እንሠራ ነበር፤ ሆኖም ይህ ልጅ ትምህርቱን ሲያቋርጥ «ለቧንቧ ቀረህ» ብዬ አዝኜለት ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅ እንዳይሰደብ በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከልክለዋል፤ እኛ የተማርነው ግን እስከ ዛሬ በልባችን እንንቃለን።

እንግዲህ እኛ መምህራን ከትምህርት ለሚወጡት ልጆች የምዘናውን መንገድ እንንገራቸው። በመሥሪያ ቤት ያላችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼም ሥራ ስታሰጡ ርካሹን ዋጋ ብቻ ሳይሆን ምስክር ወረቀቱን ተመልከቱ፤ ወረቀት የሌለውን ጥሩ ሠራተኛም ከማባረር ይልቅ ወደ ምዘናው ምሩት። ሙያ በልብ ነው ይባላል፤ ነገር ግን ሰው ለሚጠጣው ውኃ በልብ ያለው ሙያ መስካሪ ያስፈልገዋል።

አንድ መምህር
ከደባርቅ